በገና ለምን ያረጋጋል?

ጥያቄ፦ በሩዙ አረም ሐሳብ እንቅልፍ ሲነሳኝ በገና ስሰማ ልቤ ይረጋል። ለምን ይሆን? ልጄስ የሞዛርትን ሙዚቃ ቢሰማ ጎበዝ ይሆናል?
አንባቢያችሁ፣ ከወረታ

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የበገና ዜማ ዝግ ያለና የሚደጋገም ነው። ከ10ሩ አውታሮች ሥር የምትሸጎጠው ቁራጭ ቆዳ ደግሞ ያንን ንዝረት ያለው ወፍራም ድምፅ ትሰጠዋለች። እንዲህ ያለ ዜማ ትንፋሽን ያዘገያል፤ የልብ ምትም አብሮ ይረጋጋል። በዐቢይ ጾም ከልጅነት ጀምሮ የተሰማ ከሆነ ትዝታውም ያግዛል።

የሞዛርቱ ወሬ የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1993 በ36 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ከተሠራ ጥናት ነው። ሙዚቃውን ከሰሙ በኋላ ቅርፅን በሐሳብ የማገናዘብ ችሎታቸው የተሻሻለው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነበር። ልጅዎ ከመስማት ይልቅ ክራር ወይም ዜማ ቢማር ይበጀዋል።

እርስዎ ደግሞ ከመኝታ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ድምፁን ቀነስ አድርገው በገና ያዳምጡ። እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት 3 ሌሊት እየሆነ ወራት ከዘለቀ፣ ወይም ተስፋ መቁረጥ ከተጨመረበት፣ ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ ያማክሩ።