ፈረሱን ባለቤቱ ይቀልበው

ልጄ፣ ለባህል ቡድናችሁ የድጋፍ ገንዘብ ልትጠይቂ መነሣትሽን ስሰማ ደስ አለኝ። የተውሽልኝን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የጻፍሽው ግን እየሮጥሽ ነው። እዚህ ዳንግላ ላይ ስኖር ብዙ ማመልከቻ ጽፌአለሁ፤ የጸደቀም የወደቀም አይቻለሁ። እስቲ አረፍ ብለሽ ስሚኝ።

1. ከሁሉ በፊት ያለ ለጋሽ የቆመውን እዪ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ። ጣሊያን ገና አገሩን ሳይለቅ መሆኑ ነው። የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ይሰበሰባል፤ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ንጉሡ አለፉ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ ማኅበሩ ግን አለ። ለምን ይመስልሻል? ፈረሱን የሚቀልበው ለጋሽ ስላልሆነ ነው። እያንዳንዱ ሰው ገብሱን ከጎተራው ይሰፍራል፣ ግላሱን ያሰፋል፣ ልጓሙን ያስጠግናል። ስለዚህ ሰው በገዛ ፍቅሩ ሲያደርገው ለኖረው ነገር አበል አትጠይቂለት። ዘንድሮ አበል ከከፈልሽበት፣ ከርሞ አበሉ ሲቀር ሥራውም አብሮ ይቀራል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል። ጠይቂ የምልሽ አባሉ ብቻውን የማይችለውን ነው፦ ለእንግዳ መጸዳጃና ንጹሕ ውኃ፣ ለሽማግሌዎች ጥላ ያለው መቀመጫ፣ ለፈረሶች ሐኪም።

2. ቦርሳው ለምን እንደተሰፋ እወቂ። አንድ ወረቀት አባዝተሽ ለሁሉም ልትልኪ ማሰብሽ ትልቁ ስሕተትሽ ነው። ለምሳሌ ዩኔስኮ በእኛ ነገር ላይ ሁለት ስምምነቶች አሉት። የመጀመሪያው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ2003ቱ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለሚተላለፍ ቅርስ ነው፤ አገራችን መስቀልንና ጥምቀትን ያስመዘገበችው በዚህ ነው። ሁለተኛው የ2005ቱ ነው፤ የባህል ብዝኃነት ፈንድ የሚባለው ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 100,000 ዶላር የሚሰጠው በዚህኛው ሥር ሲሆን፣ የሚያየው የጥበብ ሰው በሥራው እንዴት እንደሚኖርና ሥራው እንዴት ገበያ እንደሚያገኝ ነው። እንግዲህ ለመጀመሪያው የምትጽፊው ልጆች ግልቢያን ከአባቶቻቸው እንዴት እንደሚማሩ ነው። ለሁለተኛው ደግሞ ኮርቻ ሠሪውና ግላስ ሰፊው የእጃቸውን ሥራ ለማን፣ እንዴት እንደሚሸጡ። በዓሉ አንድ ነው፤ ጥያቄው ግን ሁለት ነው።

3. ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈሽ ግድግዳሽ ላይ ለጥፊ። ጥር 23 በፈረንጅ ጃንዋሪ 31 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን ፌብሩዋሪ 1 ይሆናል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የብዙ ለጋሾች ደግሞ ጃንዋሪ። በእነዚህ መካከል የወደቀ ሰው ማን እንደሆነ ልንገርሽ፤ እኔ ነኝ። ለጥር በዓል የተፈቀደልን ገንዘብ መጋቢት ላይ ደረሰ። እኔ ግን ደብዳቤውን ይዤ፣ ገንዘቡን እንደያዘ ሰው፣ ለአንድ ኮርቻ ሠሪ ቃል ሰጥቼ ነበር። ሰውየው ቆዳውን በዱቤ ገዝቶ ሠራ። በዓሉ አለፈ፣ ለጋሹም ጊዜው ካለፈ ሥራ አልከፍልም አለ። ዕዳውን በሬ ሸጬ ከፈልሁ። ሰውየው ቢቀበለኝም እንደ ድሮው ቤቴ ገብቶ ቡና ለመጠጣት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ደብዳቤ ገንዘብ አይደለም። ባንክ ሳይገባ ለማንም ቃል አትስጪ፤ ለጥር የምትፈልጊውንም ቢያንስ ከዓመት በፊት ጠይቂ።

4. በብር ስታስቢ የምንዛሪውን ቀን ጻፊ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዋጋ ሲንር ምን እንደምትቀንሺ፣ ብሩ ሲተርፍ ምን እንደምትጨምሪ አስቀድመሽ ከለጋሹ ጋር ተስማሚ።

5. አጋር ማለት ማኅተም የሚያውስሽ ሰው አይደለም። በወረቀትሽ ላይ የሰባት መሥሪያ ቤት ስም ደርድረሻል፤ ከሰባቱ ስንቶቹ ያውቃሉ? ባህልና ቱሪዝም በፌዴራል ደረጃ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ሚኒስቴሮች ናቸው፤ በክልልና በዞን ግን አሁንም ባንድ ቤት ታገኛቸዋለሽ። መጀመሪያ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደሩን መምሪያ በእግርሽ ሄደሽ አነጋግሪ። ጥናት ካስፈለገሽ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ቅርብሽ ነው። ቡድናችሁ ሕጋዊ ሰውነት ከሌለው ተመዝገቡ፣ ወይም ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ተጠጉ። ከዚያ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝና ማን እንደሚፈርም በመግባቢያ ሰነዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። በሰሜን ወሎ ስላሉት የመቄት ሰዎች ሥራ ጠይቂ። በ1990ዎቹ ዓመታት “ተስፋ” በሚባል ፕሮግራም የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሲጀምሩ የውጭ ድጋፍ ነበራቸው፤ ማረፊያ ቤቶቹ ግን የመንደሩ ነበሩ፣ እንግዳውን የሚያስተናግደውም፣ ገቢውን የሚካፈለውም መንደሩ ራሱ። እውነተኛ አጋርነት ለእኔ ይህ ነው።

6. ባለቤቱን ሳታስፈቅጂ አትቅረጪ። ዳንግላ ላይ ሮበርት ቺዝማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል ተቀምጦ ነበር፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1925 ጀምሮ። ጣናንና ዓባይን እየዞረ መዘገበ፣ በ1936ም መጽሐፍ አሳተመ። የዚያን ዘመን አገራችንን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬም እሱን ይገልጣል። በሰውየው አልፈርድም፤ ትጉህ ነበር። የሚቆጨኝ የእኛ አያቶች በአገውኛ የነገሩት እንደዚያ አለመጻፉ ነው። ስለዚህ ከፕሮጀክትሽ አንዱ ሥራ ይህ ይሁን፤ የሽማግሌዎቹ ቃል በራሳቸው ቋንቋ ይቀረጽ፣ ቅጂውም እዚሁ ይቅር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ለዘፋኙና ለተጫዋቹ መብት ሰጥቷል። መቅረጫውን ከመክፈትሽ በፊት ቀረጻው ለምን እንደሚውል ንገሪያቸው፣ አስፈርሚያቸው። መፈረም የማይችል የጣት አሻራውን ያኑር፤ አንቺ ግን ወረቀቱን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት።

7. ደረሰኝ በዚያው ዕለት ይያዝ። ገብስና ሣር የሚሸጥልሽ ገበሬ ደረሰኝ የለውም፤ ለእንዲህ ያለው ግዢ ምን ማስረጃ እንደሚበቃ ገንዘቡን ሳትነኪ ለጋሹን በጽሑፍ ጠይቂ። የቡድኑን ገንዘብ ከኪስሽ ገንዘብ ጋር አትቀላቅዪ፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን።

8. አንድ በር ላይ ብቻ አትቁሚ። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ድንገት ስታቆም፣ አንድ ለጋሽ ብቻ የያዙ ስንት ቢሮዎች በሳምንታት ውስጥ ተዘጉ። የቡድኑ አባላት በየወሩ የሚያዋጡት ትንሽ ብር ይኑር። ለጋሹም ሲያየው ያከብራችኋል።

9. ችግሩን አትደብቂ። ወረቀትሽ ላይ “ጎብኚ በብዛት ይመጣል” ብለሽ ጽፈሻል። የዘንገና ሐይቅን፣ የፋንግ ፏፏቴን ማን ይጠላል? ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን፣ በአማራ፣ ያለውን የጸጥታ ችግር ለጋሹም ያውቀዋል። መንገድ ሲዘጋ እንግዳ አይመጣም፤ እኛም ከባሕር ዳር ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ብንሆን ያቺ ሰማንያ አንዳንድ ቀን ሩቅ አገር ትሆናለች። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ ሰላም ከሆነ ይህን እናደርጋለን፤ መንገድ ከተዘጋ የቀረጻውንና የሥልጠናውን ሥራ በየቀበሌው እንቀጥላለን። ለማንም ሰው ሕይወት አስጊ የሆነ ጉዞ ለሪፖርት ተብሎ አይደረግም። እዚህ ላይ ቆጣ ብል አትቀየሚኝ።

አሁን ወረቀቱን መልሰሽ ውሰጂ። የሰባቱን መሥሪያ ቤቶች ስም ሰርዢ፣ ያነጋገርሻቸውን ብቻ አስቀሪ። የበጀቱን የመጀመሪያ መስመር፣ የባነሩንና የቲሸርቱን፣ ወደ ታች አውርጂና የመጸዳጃውን ወደ ላይ አውጪ። ስትጨርሺ ነይ፤ መነጽሬን አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ።