አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ!

በዛሬው የእንግሊዝኛ ዓምዳችን ብዙ ተማሪዎችን የሚያምታታ ትምህርት ይዘን ቀርበናል።

“ዋተር” ማለት ምንድን ነው? “ውሃ!” ትላላችሁ፤ ልክ ነው። “ዘ ፋርመር ካን ዋተር ዘ ፕላንትስ” ሲባልስ? እዚህ ላይ “ውሃ” ብቻ ብላችሁ ከተረጎማችሁ ትርጉም አይሰጥም። “ገበሬው አትክልቱን ውሃ ማጠጣት ይችላል” ማለት ነው። በአማርኛ “አትክልቱን ውሃሁት” ብንል ያስቃል፤ “አጠጣሁ” የሚል ግስ ያስፈልገናል። እንግሊዝኛ ግን ብዙ ስሞችን ፊደላቸውን ሳይቀይር ግስ ያደርጋቸዋል። ለምሳሌ፦

1. ሃንድ፦ ስም ሲሆን እጅ፣ ግስ ሲሆን ማቀበል። “ሃንድ ሚ ዘ ፔን” ማለት “እስክሪብቶውን አቀብለኝ” ነው።
2. ቡክ፦ ስም ሲሆን መጽሐፍ፣ ግስ ሲሆን ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ።
3. ፌስ፦ ስም ሲሆን ፊት፣ ግስ ሲሆን ፊትን ማዞር። “ፌስ ዘ ብላክቦርድ” ከተባላችሁ ወደ ሰሌዳው ዙሩ!

ታዲያ በምን እንለያቸዋለን? ከቃሉ በፊት ያለውን እዩ። “ኤ”፣ “ዘ” ወይም “ማይ” ካለ ብዙውን ጊዜ ስም ነው። “ካን”፣ “ዊል” ወይም “መስት” ካለ ግስ ነው። “ኤስ” የምትባለውን ፊደል ብቻ አይታችሁ ግን አትወስኑ፤ ስምም ሲበዛ ይጨምራታል፣ ግስም ከ“ሂ” እና ከ“ሺ” ጋር ሲሆን ይጨምራታል።

እንዲህ ሆኖ አዳዲስ ግሶችም ይፈጠራሉ። “ጉግል” የድርጅት ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት “በኢንተርኔት መፈለግ” በሚል ትርጉም ግስ አድርጎ መዘገበው።

ነገር ግን ተጠንቀቁ! ሁሉም ስም እንዲህ አይደለም። “ፉድ” ምግብ ነው፤ መመገብ ግን “ፊድ” ነው። “ሶንግ” ዘፈን ነው፤ መዝፈን ግን “ሲንግ” ነው። ስለዚህ በግምት ከመጻፍ መዝገበ ቃላት ማየት ይሻላል። መዝገበ ቃላት ቃሉ ስም ይሁን ግስ፣ ወይም ሁለቱንም ይሁን፣ አጠገቡ ላይ ይጽፋል።

ይሄ ነገር በሚኒስትሪ ፈተና ላይም ይጠቅመናል። ምንባብ ስናነብ የምናውቀው ቃል ትርጉሙ አልገጥም ሲለን “አላውቀውም” ብለን አንለፈው። “ግስ ሆኖ ይሆን እንዴ?” ብለን እንጠይቅ።

እስቲ እናንተ ሞክሩ! የትኛው “ሃመር” ስም፣ የትኛው ግስ ነው?
ሀ. ዘ ሃመር ኢዝ ኦን ዘ ቴብል።
ለ. ማይ ፋዘር ዊል ሃመር ዘ ኔይል።

መልሱን ሰኞ በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያችን ስለምናነብ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። መልካም ጥናት!