ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ «ይከፈላል» ሲባል ማን ይከፍላል?

የሚከተለውን የሽያጭ ማስታወቂያ በጥሞና አንብቡ።

«ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻ ይሸጣል። ዋጋው 18,000 ብር ነው። ዕቃው በሚገባ ታሽጎ ይላካል። የማሸጊያውና የማጓጓዣው ሒሳብ ይከፈላል።»

ይህን ማስታወቂያ አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ሰው በኢንተርኔት አወጣው እንበል። ድሬዳዋ የሚኖር ሌላ ሰው አነበበውና 18,000 ብሩን በባንክ ላከ። ከሦስት ቀን በኋላ ሻጩ፣ «ለማሸጊያና ለማጓጓዣ 3,400 ብር ይጨምሩልኝ» ሲል ጻፈለት። ገዥውም፣ «‹ይከፈላል› ስላሉ እርስዎ የሚከፍሉ መስሎኝ ነበር» ሲል መለሰ። ዕቃው አዲስ አበባ፣ ገንዘቡም ሻጩ እጅ እንዳለ ክርክሩ ቀጠለ።

ከሁለቱ አንዳቸውም አልዋሹም። ያጣላቸው የግሡ አመራረጥ ነው። «ከፈለ» አድራጊ ግሥ ሲሆን «ተከፈለ» ተደራጊ ግሥ ነው። «ሒሳቡን ገዥው ይከፍላል» ስንል የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት «ገዥው»፣ ተሳቢው ደግሞ «ሒሳቡን» ነው። ግሡን ወደ ተደራጊ ስንለውጥ «ሒሳቡ ይከፈላል» ይሆናል። እንደምትመለከቱት «ን» ወድቃለች፤ ተሳቢ የነበረው «ሒሳቡ» ባለቤት ሆኗል፤ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ግን ከዐረፍተ ነገሩ ጨርሶ ጠፍቷል። «ሒሳቡ በገዥው ይከፈላል» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በአማርኛ እንዲህ ያለው አነጋገር ከብዶ ይሰማል። «ገዥው ይከፍላል» ማለት ይሻላል።

ይህ ማለት ተደራጊ ግሥ ነውር አለበት ማለት አይደለም። «የሸክላ ማጫወቻ ይሸጣል» በሚለው ውስጥ ሻጩ ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው መሆኑን ማንም ስለሚያውቅ፣ ስሙ ባይጠቀስ የሚጎዳ የለም። ጉዳት የሚመጣው አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ በተለይም ገንዘብ የሚያወጣው እርሱ ሲሆን ነው።

«ለአንድ ዕቃ ማሸጊያና ማጓጓዣ ይህን ያህል ገንዘብ ምን ያስወጣል?» ትሉ ይሆናል። የሸክላ ማጫወቻ እንደ ልብስ ተጠቅልሎ የሚላክ ዕቃ አይደለም። ሸክላው የሚቀመጥበት ከባድ ክብ ብረት ወልቆ ለብቻው መጠቅለል አለበት፤ እላዩ ላይ እንዳለ ከተጫነ በመንገዱ ንቅናቄ የሚዞርበትን ዘንግ ሊጎዳ ይችላል። ከክንዱ ኋላ ያለው የሚዛን መጠበቂያም ይነቀላል፤ ክንዱ በማረፊያው ላይ ይታሰራል፤ መርፌው ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ ዕቃው በካርቶን ይገባል፤ ካርቶኑም በዙሪያው ስፖንጅ ተደርጎለት በሌላ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል።

ልብ በሉ፦ ሒሳቡ የሚያድገው እዚህ ላይ ነው። በአየር የሚያጓጉዙ ብዙ ድርጅቶች የሚያስከፍሉት ሚዛን ብቻ አይተው አይደለም። የሣጥኑን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሳንቲ ሜትር ለክተው ያባዛሉ፤ ውጤቱን አንዳንዱ ለ5000፣ ሌላው ለ6000 ያካፍላል። የተገኘው ቁጥር በኪሎ ግራም ተቆጥሮ ከእውነተኛው ክብደት ጋር ይነጻጸርና በሚበልጠው ያስከፍላሉ። ውስጠኛው ካርቶን 50 በ40 በ30 ቢሆን፣ 60,000 ለ5000 ሲካፈል 12 ኪሎ ይመጣል። በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ስንጨምር ውጭኛው ካርቶን 60 በ50 በ40 ይሆናል፤ 120,000 ለ5000 ሲካፈል 24 ኪሎ ነው። ስፖንጁ ራሱ ምንም ያህል አይመዝንም፤ ዕቃውም ከነማሸጊያው 11 ኪሎ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የሚከፈለው በ24 ኪሎ ሒሳብ ነው። ስፖንጁን ቀንሶ ገንዘብ ማትረፍ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ክንዱ ተሰብሮ የደረሰ ማጫወቻ ለሻጩም ለገዥውም አይጠቅምም። ስለሆነም አስተዋይ ሻጭ አስቀድሞ አሽጎና ለክቶ፣ አጓጓዡንም ጠይቆ፣ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይናገራል።

ማስታወቂያው እንደሚከተለው ታርሟል።

«ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻ እሸጣለሁ። የዕቃው ዋጋ 18,000 ብር ነው። የካርቶኑንና የስፖንጁን ዋጋ እኔ እችላለሁ፤ የማጓጓዣውን ሒሳብ ገዥው ይከፍላል። ዕቃውን አሽጌ ከለካሁ በኋላ የማጓጓዣውን ሒሳብ ልክ፣ ገንዘብ ከመቀበሌ በፊት ለገዥው አስታውቃለሁ። ዕቃው በአስተሻሸጌ ጉድለት ቢሰበር ገንዘቡን እመልሳለሁ።»

መልመጃ

ሀ. በመጀመሪያው ማስታወቂያ ውስጥ የሚገኙትን ተደራጊ ግሦች አውጡ። አድራጊያቸው ሳይነገር የሚታወቀውንና የማይታወቀውን ለዩ።

ለ. «ካርቶኑ ይለካል፤ ልኬቱ ለአጓጓዡ ይነገራል፤ ደረሰኙ ይላካል» የሚለውን በአድራጊ ግሥ ለውጣችሁ ጻፉ። ባለቤቱን ስታስገቡ «ን» የት የት እንደምትጨመር አሳዩ።

ሐ. ገዥው ዕቃው ደርሶት ሳይወደው ቀርቶ ቢመልሰው፣ የመመለሻውን ማጓጓዣ ማን እንደሚከፍል የታረመው ማስታወቂያም አይናገርም። ሻጩን ሆናችሁ ጉድለቱን በሁለት ዐረፍተ ነገር ሙሉ፤ ከዚያም ገዥውን ሆናችሁ ስምምነታችሁን ወይም ተቃውሟችሁን በአጭር ደብዳቤ ግለጹ።