ጠላቂ ለምን ብቻውን አይወርድም?

ከአየር ሲሊንደር እየተነፈሰ ባሕር ውስጥ መጥለቅን የሚማር ሰው ቀድሞ ከሚሰማቸው ሕጎች መካከል «ትንፋሽህን አትግታ» እና «ከአጣማጅህ አትራቅ» የሚሉት ይገኙበታል። የሁለቱም መሠረት ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ያሳተመው ሕግ ነው፤ ሙቀቱ ሳይለወጥ በጋዝ ላይ ያለው ግፊት እጥፍ ሲሆን የጋዙ ይዘት በግማሽ ይቀንሳል።

በውሃው ገጽ ላይ ግፊቱ 1 አትሞስፌር ነው፤ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት 1 አትሞስፌር ያህል ይጨምራል። ስለሆነም በ20 ሜትር ላይ ግፊቱ 3 አትሞስፌር ስለሚደርስ፣ ሳንባን ለመሙላት ሦስት እጥፍ አየር ያስፈልጋል። ለምሳሌ 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 አትሞስፌር ቢሞላ 2,400 ሊትር ያህል አየር ይሰጣል። በደቂቃ 20 ሊትር ለሚተነፍስ ሰው ይህ በውሃው ገጽ 120 ደቂቃ ሲበቃው፣ በ20 ሜትር ጥልቀት ግን 40 ደቂቃ ብቻ ያቆየዋል።

አየር ያለቀበት ጠላቂ የተዘረጋ መዳፉን በጉሮሮው ትይዩ ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ ምልክት ይሰጣል። አጣማጁም መጠባበቂያ መተንፈሻውን ያቀብለዋል፤ ተያይዘውም በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት፣ ትንፋሻቸውን ሳይገቱ ይወጣሉ። በ10 ሜትር ላይ የተሳበ አየር በውሃው ገጽ ሁለት እጥፍ ስለሚሰፋ፣ የተገታ ትንፋሽ ሳንባን ሊቀድ ይችላል።

አንዱ ሲሊንደር ሁለት ሰው ሲያስተነፍስ አየሩ በእጥፍ ፍጥነት ያልቃል። በዚህም ምክንያት አጣማጆች ከመጥለቃቸው በፊት አንዱ የሌላውን ዕቃ ይፈትሻል፤ ከጠለቁም በኋላ የቀራቸውን አየር በእጅ ምልክት ይነጋገራሉ፤ ለሁለት የሚበቃ ሳለም ጉዟቸውን ያበቃሉ። እጅ የማይደርስበት መጠባበቂያ እንደሌለ ይቆጠራል።