በዐረብ አገር ዘመድ ሲታሰር ለጄኔቫ አቤቱታ እንዴት ይጻፋል?



ከመካከላችን በሪያድ፣ በኩዌት ወይም በዱባይ እህት ወይም የአክስት ልጅ የሌለው ጥቂት ነው። ስልኳ ድንገት ተዘግቶ «ታስራለች» የሚል ወሬ ቢደርስዎ ለደላላ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ይህን ያንብቡ።

በመጀመሪያ እዚያ ያለውን የአገሯን ቆንስላ ያነጋግሩ። ይህ ካልረዳ፣ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ጄኔቫ ላይ በዘፈቀደ የታሰሩ ሰዎችን ጉዳይ የሚመረምር ቡድን አለ። የተቋቋመው በ1991 እ.ኤ.አ. ሲሆን አባላቱ አምስት ነፃ ባለሙያዎች ናቸው።

ከባሕረ ሰላጤው ስድስት አገሮች አንዱም የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ኮሚቴ የግለሰብ አቤቱታ እንዲቀበልበት አልፈቀደም። ይህ ቡድን ግን የአገሩን ፈቃድ አይጠብቅም። ጠበቃ መቅጠር ግዴታ አይደለም፤ ክፍያ የለውም፤ የዚያ አገር ፍርድ ቤት እስኪጨርስም መጠበቅ አያስፈልግም።

ቡድኑ የሚመለከተው ለምሳሌ የሚከተሉትን ነው፦
ሀ) ያለ ክስ የታሰረችን፣ ወይም ፍርዷን ጨርሳ ያልተለቀቀችን፤
ለ) ሐሳቧን በሰላም በመግለጿ የታሰረችን፤
ሐ) የመኖሪያ ፈቃድ የላትም ተብላ ጉዳይዋን ዳኛ ሳያይ ለረዥም ጊዜ የተያዘችን።
የደመወዝ ክርክር ግን የዚህ ቡድን ሥራ አይደለም።

ታክሲ የሚነዱ ሁሉ የግጭት ሪፖርት እንዴት እንደሚሞላ ያውቃሉ። «ገጨኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ቀኑ፣ ቦታውና ታርጋው ይጻፋል። ይህም እንደዚያው ነው። ሙሉ ስሟን፣ ዜግነቷን፣ የተያዘችበትን ቀንና ቦታ፣ ማን እንደያዛት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ መታየት አለመታየቱን፣ የተነገራትን ምክንያት፣ የት እንዳለችና ዳኛ ፊት መቅረብ አለመቅረቧን ይጻፉ። በዓይን የታየውን ከተሰማው ይለዩ።

የላኪው ማንነት በምስጢር ይጠበቃል፤ የእስረኛዋ ስም ግን ለመንግሥቱ ይላካል። ስለዚህ እርሷ ወይም ቤተሰቧ ሳይፈቅዱ አይላኩ። ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ ከሆነ «አስቸኳይ» ብለው ያመልክቱ። በመደበኛው መንገድ መንግሥቱ መልስ እንዲሰጥ 60 ቀን ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ቡድኑ አስተያየቱን ያወጣል።

ቡድኑ እስር ቤት የሚከፍት ቁልፍ የለውም። ሳዑዲ ዐረቢያ በግንቦት 2018 ያሰረቻት የሴቶች መብት ተሟጋች ሉጄይን አል ሀዝሉል እስራቷ ዘፈቀዳዊ ነው የተባለው በ2020 ነበር፤ የተፈታችውም በየካቲት 2021 ነው። ያስፈታት የቡድኑ አስተያየት ብቻ ነው አይባልም። ነገር ግን ስምና ቀን ያለበት ወረቀት ጄኔቫ ሲደርስ መንግሥቱ ስለዚያች ሴት ይጠየቃል። ስሟን ማንም ካልጻፈው ግን የሚጠይቅላት የለም።

ስለዚህ የዘመድዎን የፓስፖርት ቅጂና የአሠሪዋን አድራሻ ዛሬውኑ ተቀብለው በቤትዎ ያስቀምጡ።