ቅደም ተከተልን የሚያስረዳ ድርሰት፦ ቅሪተ አካል እንዴት ይፈጠራል?

በዚህ ትምህርት አንድ ሥራ በምን ቅደም ተከተል እንደሚከናወን የሚያስረዳ ድርሰት መጻፍ ትማራላችሁ። በመጀመሪያ ሥራውን በእጃችሁ ሥሩ፤ ቀጥሎም ያያችሁትን ጻፉ።

ሀ. ተግባር

የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የሸክላ ጭቃ፣ ጀሶ፣ ውሃና ጥቂት ዘይት አዘጋጁ። ጭቃውን በሚገባ ለውሳችሁ አፈ ሰፊ በሆነ ጣሳ ውስጥ ደልድሉት። ቅርፊቱን ዘይት ቀብታችሁ በጭቃው ላይ ተጫኑት፤ ከዚያም ቀስ ብላችሁ አንሡት። በጭቃው ላይ የሚቀረው ጎድጓዳ ምልክት አሻራ ይባላል። ሁለት ስኒ ጀሶ በአንድ ስኒ ውሃ በእንጨት በጥብጣችሁ በአሻራው ላይ አፍስሱ። ጀሶ ሲጠጥር ስለሚሞቅ በእጃችሁ አትንኩት። በማግስቱ ጭቃውን ስታስወግዱ የቅርፊቱን መልክ የያዘ ጠንካራ ምስል ታገኛላችሁ።

ለ. ማብራሪያ

በተፈጥሮም ተመሳሳይ ነገር ይፈጸማል። በደለል የተቀበረ ቀንድ አውጣ ሥጋው ይበሰብሳል፤ ደለሉ በረጅም ዘመን ድንጋይ ይሆናል። ቅርፊቱ ሟሙቶ ሲጠፋ አሻራው ይቀራል፤ ውሃ ያመጣው ማዕድንም ይሞላዋል። አጥንት ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ድንጋይነት የሚለወጠው ማዕድን ወደ ውስጡ እየሰረገ ነው።

በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላት። ይህ የታወቀው በአካባቢው ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ነው። ስለዚህ ከየትኛው ንብርብር እንደ ወጣ ያልተመዘገበ አጥንት ምስክርነቱ ይጎድላል። ቅሪተ አካል ብታገኙ ከቦታው ሳታነሡ ለባለሙያ አስታውቁ።

ሐ. ሰዋስው

ዓረፍተ ነገርም እንደ ምድር ንብርብር ቅደም ተከተል አለው። «ቅርፊቱን ዘይት ቀብታችሁ በጭቃው ላይ ተጫኑት» ስንል «ቀብታችሁ» ቦዝ አንቀጽ ነው፤ አስቀድሞ የሚፈጸመውን ያሳያል። «ተጫኑት» ማሰሪያ አንቀጽ ነው። «ቅርፊቱን በጭቃው ላይ ተጭናችሁ ዘይት ቀቡት» ብንል ግን ሥራው ይበላሻል፤ ቅርፊቱም ከጭቃው ጋር ይጣበቃል።

መ. መልመጃ

1. በተግባሩ ውስጥ የሚገኙትን ሌሎች ቦዝ አንቀጾች አውጡ።
2. «ቀስ ብላችሁ አንሡት» በሚለው ውስጥ ያለው ቦዝ አንቀጽ የሚያሳየው ቅድሚያን ነው ወይስ ሁኔታን? ምክንያታችሁን አስረዱ።
3. የሠራችሁትን በኃላፊ ጊዜ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ያላያችሁትን አትጨምሩ። ጽሑፉን ሥራውን ላላየ ጓደኛችሁ ስጡት። በእርሱ ብቻ ተመርቶ ከሠራው ድርሰታችሁ ግቡን መቷል።