አንድ ችግር፣ ብዙ ዘርፎች፦ ከካርኔጊ የኢንዱስትሪ አስተዳደር ትምህርት ቤት የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

«በይነ ዲሲፕሊናዊ» የሚለው ቃል በዩኒቨርሲቲዎች የዕቅድ ሰነዶችና የሥርዓተ ትምህርት መግቢያዎች ላይ ደጋግሞ ይጻፋል። ቃሉ የሚያመለክተው የተለያዩ የዕውቀት ዘርፎች ተጣምረው አንድን ጉዳይ የሚመረምሩበትንና የሚያስተምሩበትን አካሄድ ነው። ጥምረቱ በምን እንደሚፈጠርና በምን እንደሚፈርስ ግን እምብዛም አይመረመርም። ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ታሪካዊ ምሳሌ ይመለከታል፤ ምሳሌውም በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ፣ በካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም ሥር የተመሠረተው የኢንዱስትሪ አስተዳደር ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ፣ ዘርፎችን የሚያጣምራቸው የጋራ ጣሪያ ሳይሆን የጋራ ችግር ነው፤ ጥምረቱም ዘወትር ካልተደከመለት ይፈርሳል የሚል ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አመሠራረቱ

ትምህርት ቤቱ በ1949 የተቋቋመው ዊልያም ላሪመር ሜሎን በሰጡት የ6 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ነው። የመጀመሪያው ዲን የኢኮኖሚክስ ምሁሩ ሊ ባክ ነበሩ፤ ከእርሳቸው ጋር ዊልያም ኩፐርና ኸርበርት ሳይመን መሠረቱን ጣሉ። ሳይመን የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በፖለቲካ ሳይንስ ነበር። በዘመኑ የአስተዳደር ትምህርት በአብዛኛው በልምድ ትረካና በአሠራር መመሪያ ላይ ያተኮረ ነበር። መሥራቾቹ ግን ትምህርቱ በኢኮኖሚክስ፣ በሒሳብና በሰው ልጅ ባሕርይ ጥናት ላይ እንዲቆም ፈለጉ። ለማስተርስ ዲግሪ የሚመጡትም በአብዛኛው በምሕንድስናና በሳይንስ የተመረቁ ወጣቶች ነበሩ።

የቀለም ፋብሪካው ጥያቄ

የዚህ ሐሳብ ፈተና የመጣው ከአንድ የቀለም ፋብሪካ ነው። የደንበኞች ትእዛዝ ከወር ወር ከፍ ዝቅ ይላል። የፋብሪካው ኃላፊ ምን ያህል ቀለም እንደሚመረትና ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ በየወሩ መወሰን አለበት። ምርቱ ትእዛዙን ተከትሎ ከተለዋወጠ መቅጠርና ማሰናበት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ይበዛል። ምርቱ ሳይለወጥ ከቀጠለ ደግሞ አንድ ጊዜ መጋዘኑ ይሞላል፣ ሌላ ጊዜ ደንበኛው ቀለም አጥቶ ይጠብቃል። አንዱን ወጪ የቀነሰ ሌላውን ይጨምራል።

ጥናቱን በጋራ ያካሄዱት ቻርልስ ሆልት፣ ፍራንኮ ሞዲሊያኒ፣ ጆን ሚዩትና ሳይመን ናቸው። ሆልት ኤሌክትሪክ ምሕንድስና አጥንተው ወደ ኢኮኖሚክስ የተሻገሩ፣ ሞዲሊያኒ ኢኮኖሚስት፣ ሚዩት ከኢንዱስትሪ ምሕንድስና የመጡ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። ማናቸውም ብቻቸውን ጥያቄውን አይዘልቁትም ነበር። ወጪው እንዲቀንስ የሚሻው የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ነው፤ የዛሬው ክምችት የነገውን ምርት እንዴት እንደሚያርም መከታተል የምሕንድስና ዕውቀትን ይጠይቃል፤ ኃላፊው በእጁ ያለው መረጃና የማስላት አቅም ምን ያህል ነው የሚለው ደግሞ የድርጅት ጥናት ነው።

የደረሱበት መፍትሔ ወጪዎቹን በኳድራቲክ ቀመር መግለጽ ነበር። ይህ ከተደረገ ውሳኔው ወደ ሁለት ቀላል ቀመሮች ይወርዳል፤ አንዱ የምርቱን መጠን፣ ሌላው የሠራተኛውን ቁጥር ይሰጣል። ለሁለቱም የሚያስፈልገው የመጪዎቹ ወራት የትእዛዝ ግምት፣ በመጋዘን ያለው ክምችትና አሁን በሥራ ላይ ያለው የሠራተኛ ቁጥር ብቻ ነው። ሳይመን በ1956 እንዳሳዩት፣ ወጪው ይህን ቅርጽ ከያዘ ኃላፊው የትእዛዙን አማካይ ግምት ማወቁ ይበቃዋል፤ የእያንዳንዱን አጋጣሚ ዕድል መዘርዘር አይጠበቅበትም። የአራቱ ተመራማሪዎች መጽሐፍ በ1960 ታተመ።

ከአንድ ጥናት ሁለት መደምደሚያ

እጅግ የሚያስተምረው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ሳይመን ከጥናቱ ያዩት የሰውን አቅም ወሰን ነበር። ለእርሳቸው ቀመሩ የሠራው ዓለምን በትክክል ስለገለጸ ሳይሆን፣ ሰው ሊያሰላው በሚችለው መጠን ስላቀለለው ነው። ይህም ውስን ምክንያታዊነት ከተባለው አስተሳሰባቸው ጋር ይስማማል። ሚዩት ግን በ1961 ባሳተሙት ጽሑፍ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሄዱ፤ በገበያ ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚሰጡት ግምት በአማካይ ሲታይ ኢኮኖሚያዊ ንድፈ ሐሳቡ ከሚተነብየው ጋር አንድ ነው የሚል መላምት አቀረቡ። ይህ የምክንያታዊ ግምት መላምት ከጊዜ በኋላ በዚያው ትምህርት ቤት ባስተማሩት በሮበርት ሉካስ አማካይነት የማክሮ ኢኮኖሚክስን መልክ ለወጠ።

እንግዲህ አብሮ መሥራት አንድ ዓይነት ማሰብን አያስከትልም። ተመራማሪዎቹ የተስማሙት በችግሩና በመፍትሔው አሠራር ላይ እንጂ በትርጓሜው ላይ አልነበረም።

ማስተማሩስ?

ጥምረቱ በክፍል ውስጥም ታይቷል። በ1956 አይቢኤም 650 ኮምፒውተር በትምህርት ቤቱ ሕንፃ ምድር ቤት ተተከለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ተማሪዎች በቡድን ተከፍለው የዲተርጀንት አምራች ኩባንያዎችን የሚመሩበት የአስተዳደር ጨዋታ ተዘጋጀ። የአንዱ ቡድን የዋጋ፣ የምርትና የማስታወቂያ ውሳኔ የሌላውን ገበያ ይነካል፤ ውጤቱን የሚያሰላው ኮምፒውተሩ ነው። ተማሪው ሒሳብ አያያዝን፣ ምርትንና ግብይትን በየተራ ሳይሆን በአንድ ውሳኔ ውስጥ ተሳስረው ያገኛቸዋል። ከሰው ሠራሽ አስተውሎት መሥራቾች አንዱ የሆኑት አለን ኒውዌልም በ1957 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዚሁ የአስተዳደር ትምህርት ቤት ነው።

የመለያየቱ ዝንባሌ

ይሁን እንጂ ጥምረቱ እንደተጀመረ አልዘለቀም። ሳይመን በ1967 በጻፉት ጽሑፍ፣ ከሙያው ዓለም የሚመጣውንና ከሳይንሱ የሚመጣውን ዕውቀት ማዋሐድ ዘይትን ከውኃ እንደ መቀላቀል መሆኑን አስገንዝበዋል፤ ማማሰሉ ሲቆም ሁለቱ ይለያያሉ። መምህሩ ዕድገትን፣ ክብርንና የኅትመት ዕድልን የሚያገኘው ከዘርፉ ባልደረቦች ስለሆነ ልቡ ወደዚያው ያዘነብላል። እርሳቸውም ከኢኮኖሚስቶቹ ጋር የነበራቸው ልዩነት እየሰፋ ሲሄድ የሥራቸውን ማዕከል ወደ ሥነ ልቦና ክፍል አዛወሩ።

መለያየቱ ፍሬ አልባ ነበር ማለት አይቻልም። በ1978 ሳይመን፣ በ1985 ሞዲሊያኒ፣ በ1995 ሉካስ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እያንዳንዱ ዘርፍ ለብቻውም ታላቅ ሥራ ሊሠራ ይችላል። የጎደለው ግን አራቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀመጠው የፋብሪካው ኃላፊ ጥያቄ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ የማንም ዘርፍ ንብረት ስላልሆነ ጠያቂ ሲያጣ ዝም ይላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ተሞክሮ ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪና ለመምህር የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። በመጀመሪያ የሚመረጠው የዘርፎች ዝርዝር ሳይሆን፣ አንድ ዘርፍ ብቻውን ሊመልሰው የማይችለው፣ ከሥራ ቦታ የተገኘ ጥያቄ መሆን አለበት። ተባባሪዎች በትርጓሜ መለያየታቸው እንደ ውድቀት ሊቆጠር አይገባም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተቋሙ የጋራ ሥራን በዕድገትና በምዘና መስፈርቱ ውስጥ ካላካተተ፣ የጋራ ሕንፃና የጋራ ስም ብቻቸውን ጥምረቱን አያጸኑትም። ድር ሲያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ ድሩ እንዲያብር ግን ሳይታክት የሚያደራው ያስፈልገዋል።